ከወገብ በላይ መምህር

ሰውየው ወረታ ከተማ የጎበዜ ሻይ ቤት ገብቶ ላፕቶፑን ሲከፍት ከወገቡ በላይ ኮትና ከረባት፣ ከወገቡ በታች ቁምጣና የቁሐር ሚካኤል የሩዝ ማሳ ጭቃ የተለጠፈበት ቦቲ ነው። ካሜራው የሚያየው ላይኛውን ብቻ ነዋ። በኢንተርኔት ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው፤ የልዩ ፍላጎት መምህር ሊሆን። ከረባቱን ሲያጠብቅ ሚኒስትር ሆኖ የተሾመ ይመስለዋል።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ጎበዜ ይህን ሁሉ ጉራ የምትችለው ለልጇ ለአይናለም ስትል ነው። ልጅቷ መስማት ስለማትችል ትምህርት ቤቱ «መምህሩ እስኪመረቅ ጠብቂ» ካላት አንድ ዓመት ሆነ።

«መምህር፣ እስቲ አንዲት ቃል እንኳ በእጅዎ ያሳዩዋት» ትለዋለች።

«የምልክት ቋንቋ የሚሰጠን ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። ምን አስቸኮለሽ?»

ዛሬ ጥናቱን የማቅረብ ተራው ደረሰ። የሌላው ድምፅ እንዳይረብሸው ማዳመጫውን አወለቀና ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል «ልጁን መስማት ከዓይኑ ይጀምራል» እያለ ይጮህ ጀመር፤ ጩኸቱ ይፋግ ገበያ ድረስ ይሰማል።

አይናለም ስክሪኑን አየች። እዚያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ጆሯቸውን እየነኩ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ይህን ቋንቋ እሷ ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች። እጅጌውን ጎተተችና ጆሮዋን ነክታ ወደ ስክሪኑ ጠቆመችው። ቀና ብሎም አላያትም። ስለዚህ ጣቷን ላፕቶፑ ላይ ሰዳ እስካሁን ተዘግቶ የቆየውን ማይክ ከፈተችለት።

ዩኒቨርሲቲው ከዕጩ መምህሩ አፍ የሰማው የመጀመሪያ ቃል «ዞር በይ ወዲያ፣ አንቺ ደንቆሮ!» የሚል ነበር።