እንደ ኮሶ የተጠጣው እንክብል

ባሕር ዳር፣ ጎህ ሲቀድ

የልጄ የየሺ ባል፣ ሚስቱ መታመሟን በሹፌር ያስነገረኝ ትናንት ማታ ነው። እነሆ ጭነት መኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። የልጄ አማት ወይዘሮ ጥሩ በሰርጉ ዕለት፣ «የነጋዴ ልጅ የገበሬ ቤት አትችልም» ብላኛለች። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብላት ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ሐሙሲት፣ ጠዋት

ቀንዳም ከብቶች መንገዱን ዘግተውታል። ጥሩምባው አላነቃነቃቸውም።

«እሜቴ፣ እርስዎ ወርደው ይታዩልኝ፤ ይህን ፊት ያየ በሬ መንገድ ይለቃል» አለኝ ሹፌሩ።

«አንተ ንዳ» አልኩት።

ወረታ፣ ረፋድ

አማቼ በቅሎ ይዞ ጠበቀኝ። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ገና አልጎደለም፤ በቅሎዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ትገባለች። የሺ ከዚሁ ውሃ ጠጥታ ሲያስመልሳት ሰንብቷል። የወረታ ጤና ጣቢያ አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ማስመለሱን የሚያቆም እንክብል ሰጥቷቸዋል።

«ታዲያ አልተሻላትም?»

«ማስመለሱስ ቆመ። ትናንት ወደ ማታ ግን አንገቷ ተጣመመ። ቡዳ ነው ይላሉ።»

ፎገራ ሜዳ፣ ቀትር

ልጄ መደብ ላይ ተጋድማለች። አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሟል፤ ዓይኗ ጣራ ላይ ተሰቅሏል፤ መንጋጋዋ ተቆላልፏል። ትሰማኛለች፣ መናገር ግን አትችልም። ወይዘሮ ጥሩ ቡዳውን በጭስ ልታስለፈልፍ እሳት ታራግባለች።

«የድሬሰሩ መድኃኒት የት አለ?»

«አልቋል። ትናንት ማለዳ በባዶ ሆዷ፣ ሁሉንም ፈጭቼ፣ በጥብጬ አጠጣኋት።»

«ሁሉንም ባንድ ጊዜ?»

«ኮሶ ተከፋፍሎ ይጠጣል እንዴ?»

እሳቱን በእግሬ በተንኩት። «ቃሬዛ አምጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቶች ተሸከሟት። ወይዘሮ ጥሩም ማንም ሳይጠራት በጭቃው ተከተለች።

ወረታ፣ ከሰዓት በኋላ

ሁሉንም ባንዴ መጠጣቷን ስነግረው፣ ድሬሰሩ የእንክብሉን ማርከሻ መርፌ ወጋት። ቆይቶ መንጋጋዋ ተፈታ፤ አንገቷም ቀስ እያለ ተመለሰ። «እናቴ» አለች። እኔ እንባዬን ሳልጠርግ እሱ ስድቡን ጀመረ።

«አንቺ ደንቆሮ! ልትገድያት ነበር!» አላት ወይዘሮ ጥሩን፣ እናቱን የምታክለውን ሴት።

«ተናግረሃል?» አለችው። «በወረቀት ጠቅልለህ ለልጄ ወረወርክለት። አንዲት ቃል ተናግረሃል?»

እውነቷን ነው። ይህን መጻፍ አልወድም፣ ግን እውነቷን ነው። በሩ ላይ ቆምኩበት።

«አሁን ንገረን። ወረፋ የያዘው ሁሉ ይስማ።»

«አንዱን ብቻ በጥቂት ውሃ ትውጣለች» አለ ፊቱን አዙሮ። «ሌላውን እኔ ካልኩት ሰዓት በፊት አትነካም። የዋጠችውን ብታስመልሰው ምትክ አይሰጣት፤ መጥታችሁ ጠይቁኝ። አንገቷ ወይም ዓይኗ ከተገተረ መድኃኒቱን አቁሙና አምጧት። የፈላ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በየጥቂቱ ስጧት።»

«ጮክ በል» አለችው ወይዘሮ ጥሩ።

ጮኸ። ይህን ያህል መናገር ከቻለ፣ የመጀመሪያ ቀን ምን አፉን ያዘው?

ወደ ባሕር ዳር፣ ማምሻ

የሺን እስክታገግም ወደ ቤቴ ይዣት እየሄድኩ ነው። ወይዘሮ ጥሩ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ መንገድ ዳር ቆማለች። አልተሰነባበትንም። መኪናው ሲነሳ የሺ ያንን አንገት ያለ ችግር አዞረችና፣ ወረታ ከዓይን እስኪጠፋ አማቷን ስታይ ቆየች። ይዞር ዘንድ ቀኑን ሙሉ የለመንኩት አንገት ነው። ሲዞር ወደ እኔ አልነበረም።