ያልቀመስነው አንጮቴ

በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ነቀምቴ ተማሪ ቤት በነበርኩበት ጊዜ፣ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የወላጆች ቀን ይከበር ነበር። በዚያ ቀን የባልትና ትምህርት የምንማር ልጃገረዶች ሦስት ሦስት እየሆንን በምግብ ሥራ እንወዳደራለን። እኔ ከጎጃም የመጣ ቄስ ልጅ ነኝ፤ ወደ ተማሪ ቤት ከመግባቴ በፊት ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ዳዊት ደግሜአለሁ። ከሁለቱ ጓደኞቼ አንዷ የከተማው ተወላጅ፣ የወንጌል አማኞች ልጅ ነበረች። ሁለተኛይቱ ከቢላ መጥታ አዳዳ ከምትላት ከአባቷ እኅት ቤት ተጠግታ ትማር ነበር።

በዚያ ዓመት አንደኛ ለሚወጡት ልጆች የተሰጠው ተስፋ ታላቅ ነበር፤ በመንግሥት ወጪ አዲስ አበባ ሄደው ባልትና እንዲማሩ ይደረጋል ተባለ። ለእኔና ለከተማዋ ልጅ ይህ ደስ የሚል ወሬ ብቻ ነበር። ከቢላ የመጣችውን ልጅ ግን አባቷ ለጋብቻ ለመጡ ሽማግሌዎች ቃል ሰጥተውባት ነበር። አዳዳዋ ብዙ ከለመነቻቸው በኋላ፣ ልጅቱ አንደኛ ከወጣች ትማር፣ ካልወጣች ግን በጥር ትዳራለች ብለው ቆረጡ።

የመረጥነው ምግብ አንጮቴ የሚባለው የአገሩ ሥራ ሥር ነበር። ሥሩ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይላጣል፤ ይደቆሳል፤ ከዚያም በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ከቤታችን በመጣ ቅቤ ደጋግመን ስለ ሠራነው እጃችን ለምዶት ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ግን የቢላ ልጅ እናት የራሷን ንጥር ቅቤ በቅል አድርጋ በነጋዴ እጅ ላከችላት። ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ በሌላ ለመሥራት ማናችንም አላሰብንም።

በዚያው ምሽት የቢላ ልጅ ስእለት ተሳለች። ዳኞቹ ፍርዳቸውን እስኪሰጡ ድረስ እህልም ውሃም በአፏ እንዳይገባ ለአምላኳ ቃል ሰጠች። ብቻዋን እንዳትጾም እኔም አብሬአት ቃሉን የቆረብኩበት ያህል አጸናሁት። በከተማዋ ልጅ ቤት እንዲህ ያለ ስእለት ልማድ አልነበረም፤ ሆኖም እርሷም አልቀርም አለች።

«ጸሎቱን እንደ እናንተ ባላውቀው እንኳ የሆዴ ጩኸት ሰማይ ይደርሳል» ብላ አሳቀችን።

ማግሥቱ ሐሙስ ነበር። አንጮቴውን ቀቀልን፣ ላጥን፣ ደቆስን። ቅቤውን ጨመርን፤ ጨዉንም እንደ ለመድነው በጣታችን ለክተን ነሰነስን። ጾመኞች ስለ ነበርን ማናችንም አልቀመስንም። ሳህኑን በዳኞቹ ፊት ባኖርን ጊዜ፣ አንዲት የባለሥልጣን ሚስት ጎረሱና ወዲያው እጃቸውን ወደ ውሃው ብርጭቆ ዘረጉ። መምህርታችን ከቀመሰች በኋላ ዓይኗን ከእኛ አሸሸች። አንደኝነቱ ለሌሎች ልጆች ሆነ።

ስእለቱ ስላበቃ ከማድ ቤቱ ጀርባ ተቀምጠን የተረፈውን ቀመስን።  ጨው ብቻ ነበር። የቢላ ልጅ አንድ ጊዜ ደግማ ጎረሰች።

«እናቴ ናት» አለች። «አንድም ነገር እንዳይጎድልብኝ ብላ ቅቤው ላይ ጨዉንም ጨምራበታለች።»

የከተማዋ ልጅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ እኔ እንኳ ብቀምሰው ኖሮ እያለች አለቀሰች።

«አብረሽኝ ጾመሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ትሆኝልኝ?» አለቻት የቢላ ልጅ። ከዚያም ወደ ሁለታችን ዞረች። «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይህን ነገር እናቴ እንዳትሰማ።»

ያን ዕለት ማታ አባቴን፣ ጾማ የለመነችው ለምን ተነፈጋት ብዬ ጠየቅሁት። ስንኳን ለእኔ ለጉባኤ ሰው መልስ የማያጣው አባቴ ዳዊቱን ዘግቶ ቀና አለ። «እንደ ሰማት አምናለሁ፤ ለምን እንዳልሰጣት ግን አላውቅም» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

በጥር ተዳረች። ሁለታችን ቢላ ድረስ ሄደን አጀብናት። እናቷ በእንግዶች መካከል እየተመላለሰች ስታስተናግድ በኩራት ታየን ነበር፤ እኛም ዓይኗን ሸሸን።

በሚቀጥለው ዓመት መምህርታችን ሦስተኛ ልጅ ጨምራልን እንደ ገና ተወዳደርን። እየቀመስን ሠራን፤ ምንም አልተሳሳትንም፤ እንደ ገና ተሸነፍን። ወደ ቤታችን ስንመለስ የከተማዋ ልጅ የዳኞቹን አጎራረስ እያስመሰለች አሳቀችኝ፤ እስኪደክመን ድረስ ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ሽንፈቱ እንዲህ የቀለለን ከመካከላችን የሚወሰድ ሰው ስላልነበረ መሆኑን ሁለታችንም አወቅን። እስከ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር መታጠፊያ ድረስ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ሄድን፤ እዚያም ተለያየን።