ከናኪሩ ቁርበት የወጣ ውሃ

ይህ ነገር የገጠመኝ ከዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት ወር፣ በታችኛው ኦሞ ካለችው ከካንጋተን ከተማ በሞተር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን ስላለፈው አንዳንዴ በእውኔ ይሁን በሕልሜ ያየሁት ይምታታብኛል። ያን ዕለት ያፈርኩት እፍረት ግን የእውን ነበር፤ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

የውሃ ቴክኒሺያን ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጂንካ፣ ዝናብ የማይጠፋበት፣ በየጓሮው እንሰትና ሙዝ ያለበት አገር ነው። ስለዚህ ወደ ኦሞ ወንዝ በወረድኩ ቁጥር ሙቀቱ ያነሆልለኛል። ሜዳው ይርገበገባል፣ ዛፎቹ ከመሬት ከፍ ብለው የቆሙ ይመስላሉ፣ ከሩቅ ሐይቅ ይታየኝና ስደርስ አቧራ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ያን ዕለት የሄድኩት የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ወራት ማለፋቸውን የሚገልጽ ሪፖርት ደርሶን ነው። መለዋወጫውን ከስቶር ተረክቤ፣ የመፍቻ ሳጥኔን ሞተሩ ላይ አስሬ፣ ራሴን እንደ አዳኝ እየቆጠርኩ ደረስኩ። ስደርስ ሴቶች ከፓምፑ ውሃ እየቀዱ ነው። ሞተሬን አጥፍቼ ዓይኔን አሸሁ። መንገድ ሙሉ ሐይቅ ሲያሳየኝ የመጣ ሙቀት አሁን ደግሞ ፓምፕ ያሳየኝ ጀመር አልኩ በልቤ። ጠጋ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ውሃ ነው፣ ይቀዘቅዛል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሎኩሬ እየሳቀ መጣ። አማርኛ የተማረው ካንጋተን ከነጋዴዎች ጋር ሲውል ነው።

«ኢንጅነር፣ ቆየህ። ፓምፑን እማማ ናኪሩ ሠራችው» አለኝ።

በእጁ ያመለከተኝ ግራር ጥላ ሥር የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ አንገቷ በጨሌ የተሞላ ቀጭን ሴት ነበረች። ለእናቴ እንደምለው እሷ ብላት አንባቢ አይቀየመኝ። በመንደሩ ቆዳ በማልፋት የሚደርስባት የለም አለኝ ሎኩሬ።

«በምን ሠራችው?» አልኩት።

«በቆዳ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ፓምፑን ፈትቼ ዘንጉን ስቤ ሳወጣ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ውሃውን ወደ ላይ የምትስበው ትንሽ ጎማ በነበረችበት ቦታ እንደ ስኒ የጎደጎደች ቆዳ ተቀምጣለች። በስብ ርሳ ጠቁራለች። ጠርዟ ዙሪያውን እኩል ነው፤ በጣቴ ስጫናት እጥፍ ትልና ትመለሳለች። እውነቱን ለመናገር ደስ አለችኝ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«ይሄ ስታንዳርድ አይደለም» አልኩ።

ሎኩሬ አልተረጎመውም። ቆዳዋን ነቅዬ ሲሚንቶው ላይ ወርወር አደረግኳትና አዲሱን ጎማ ከላስቲኩ አወጣሁ።

ጎማው አልገባም። ገለበጥኩት፣ ቀባሁት፣ ገፋሁት፣ በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት፤ ወይ ፍንክች። ለሌላ ዓይነት ፓምፕ የተሠራ ነበር። ስቶር ውስጥ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቤ ፈረምኩ እንጂ ከፍቼ አላየሁትም። በቃ ለጊዜው ቆዳዋን ልመልሳት ብዬ ዞር ስል ሲሚንቶው ባዶ ነው። አንድ ቀይ ውሻ ከአጥሩ ማዶ ተጋድሞ የመጨረሻዋን ቁራሽ ዓይኑን ጨፍኖ ያላምጣል። ከብት አርቢ መንደር ውስጥ በስብ የራሰ ቆዳ መሬት ላይ የሚጥል ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከሴቶቹ ጄሪካኖች የሚበዙት ገና ባዶ ነበሩ። ሎኩሬ ወደ ጎን ስቦ የነገረኝ ያኔ ነው። ፓምፑ ተበላሽቶ በቆየበት ጊዜ መንደሩ ይቀዳ የነበረው ከኦሞ ነው።

«የእማማ ልጅ፣ የመጨረሻዋ፣ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። አዞ ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ እማማ ወንዝ አትሄድም። በየቀኑ መጥታ ፓምፑን ታያለች። አንድ ቀን ፍቱልኝ፣ ሆዱን ልየው አለች። መፍቻ ከመንገድ ሠራተኛ ለመንንና ፈታንላት።»

ሄጄ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እማማ» አልኩና ወደ ሎኩሬ ዞርኩ። «ውሻ በላው በልልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው በልልኝ።»

ነገራት። አንድ ነገር ስትል ዙሪያውን የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

«ውሻው ጠገበ ወይ ትልሃለች» አለ ሎኩሬ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ናኪሩ ተነስታ ጎጆዋ ገባችና የተጠቀለለ ቁርበት ይዛ ወጣች። ልጇ ትተኛበት የነበረ ነው። የመጀመሪያውን የቆረጠችው ከሌላ ቆዳ ነበር፤ ያ አልቋል። ከሌላ ቤት እንፈልግ እንጂ ይሄ አይነካም ብዬ ሎኩሬን ለመንኩት። ሎኩሬ ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብላም መለሰችለት።

«በሌላ ቤት ያለው ቆዳ ስስ ነው፣ የፍየል ነው ትላለች። ደግሞ... ልጄ የሄደችው ውሃ ልታመጣ ነው፤ ታምጣ ትላለች።»

ቁርበቱ እንዲለሰልስ መነከር ነበረበት። መንደሩ ውስጥ የቀረችው ውሃ ለሕፃናቱም አትበቃም። እኔ እወርዳለሁ ብዬ ሁለት ጄሪካን አነሳሁ። ናኪሩ ቁርበቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቀድማኝ መንገድ ጀመረች። ማንም አልከለከላትም፤ ሴቶቹና ሎኩሬም ተከተሉን።

ኦሞ በዚያ ሰዓት ሰፊና ቡናማ ነበር፤ የሚፈስም አይመስልም። ፀሐይ አዘቅዝቃ ውሃው ላይ ተኝታለች። ሴቶቹ በረጅም እንጨት ውሃውን እየመቱ፣ እየተጯጯሁ ይቀዳሉ። እኔ ድንጋይ እወረውራለሁ። የወረወርኩት ድንጋይ ሲወድቅ ድምፁ ዘግይቶ የሚሰማኝ መሰለኝ። ናኪሩ ዳር ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ አየች። ያኔ የሴቶቹ ጩኸት ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ሆነብኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቁርበቱን ውሃው ውስጥ ነከረችና ሕፃን እንደሚታጠብ በእጇ ታሸው ጀመር። በከንፈሯ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ምን እንደምትል ሎኩሬን አልጠየቅኩትም። እዚህ ያመጣኋት እኔ ነኝ የሚለው ብቻ በጆሮዬ ይደውል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርበቱን ዘርግታ በአንገቱ በኩል ያለውን ወፍራም ቦታ በጣቷ ፈለገች። ጫፉን እንድይዝላት በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ያዝኩ። ክብ አድርጋ ቆረጠች። ከዚያ አንድ የተሰበረ ቅል አመጣችና እርጥቡን ቆዳ አፉ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ በላዩ አሸዋ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ቅሉ ልክ የፓምፑን ቱቦ ያህላል። ይህን ለማግኘት ስንት ቅል እንደሞከረች ሎኩሬም አያውቅም። ውሻው በቀረበ ቁጥር እየተነሳሁ ሳባርር ዋልኩ፤ መንደሩም በኔ ሲስቅ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ አሸዋውን ስትደፋ ቆዳው ስኒ ሆኖ ወጣ። ጠርዙን በቢላ ከርክማ ስብ አጠጣችው። ፓምፑ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ሎኩሬ እጀታውን ይዞ ላይ ታች አለ። መጀመሪያ አየር ብቻ ተነፈሰ። ቀጥሎ ሳል ነገር። ከዚያ ውሃው መጣ። የዚያን ቀን የጠጣሁት ሻይ ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበር፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ጂንካ ተመልሼ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ድሮ እኮ የፓምፕ ጎማ የሚሠራው ከቆዳ ነበር፤ አታውቅም?» አለኝ። አላውቅም ነበር። እሷም አታውቅም ነበር፤ የፓምፑን ሆድ አይታ በራሷ ደረሰችበት። ትክክለኛውን ጎማ ይዤ በሦስተኛው ሳምንት ስወርድ ሎኩሬ «አስቀምጠው፣ ይቺ ገና ትሠራለች» ብሎ መለሰኝ። እኔም ሳልከራከር አስቀመጥኩት።

አሁን ጂንካ ውስጥ ወጣቶች የፈጠራ ሥራቸውን ሲያሳዩ አንዳንዴ ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። ሽቦውን፣ ሞተሩን አስረድተውኝ ሲጨርሱ ለማን ብለው እንደሠሩት እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። እኔ ግን ጥያቄውን ስጠይቅ ሐሳቤ ወደዚያ ሜዳ ይሄዳል፣ ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ይይዘኛል። ያን ከሰዓት ውሃው ሲፈስ ልጃገረዶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው እየተጋፉ ሲመጡ፣ ናኪሩ አልጠጣችም፣ ወደ ፓምፑም አላየችም። ፈንጠር ብላ ቆማ በጣቷ አየር ላይ አንድ በአንድ ትጠቁማለች።

«ምን እያደረገች ነው?» አልኩት ሎኩሬን።

«ልጆቹን ትቆጥራለች። ሁሉም እዚህ ናቸው ወይ ብላ።»

እኔም አብሬያት ቆጠርኩ። ሁሉም ነበሩ።