ባለ ቢጫ ቦቲዋ አሮጊት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዲትሮይት ውስጥ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት፣ ከአንድ ዋና መንገድ ወዲህና ማዶ ተለያይተን የምንኖር ጥቁርና ነጭ ጎረቤታሞች ክብ ሠርተን ስለ ዘር እንወያያለን። ከሁላችን ቀድመው የሚደርሱት አንዲት ነጭ አሮጊት ናቸው። ቢጫ የዝናብ ቦቲያቸው በጠራራ ፀሐይም ከእግራቸው አይወልቅም፤ ሳቃቸው ከንግግራቸው ይቀድማል።

ባለፈው አወያያችን ላትሪስ፣ «ስለ ማዶ ሰፈር ምን እየተባላችሁ አደጋችሁ?» አለችን።

አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቁ፣ «መንገዱን ከተሻገርሽ ይዘርፉሻል ነበር የምባለው» አሉ።

ከማዶ የሚመጣው ፀጉር አስተካካዩ ኦዴል፣ «እኔ ደግሞ ነጮቹ ፖሊስ ይጠሩብሃል እየተባልኩ አደግሁ። እማማ፣ እኛ እኮ ዕድሜ ልካችንን ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ኖረናል» አላቸው።

ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ፤ እኛም ሆዳችንን ይዘን ተከተልናቸው። እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ ማዶ ስታገባ ሠርጓ ላይ ቀረሁባት። ጥሩምባ የምትነፋ የልጅ ልጅ አለችሽ ይሉኛል፤ አይቻት አላውቅም» አሉ።

«የአማችዎ የቴሬል ልጅ ናታ! በእሷ ጥሩምባ ሰፈሩ እንቅልፍ አጥቷል» አለ ኦዴል።

«እንግዲያው እኔም እንቅልፍ ልጣ፤ ውሰደኝ» ብለው ተነሡ። ክንዱን ይዘው መንገዱ ዳር ሲደርሱ፣ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን መታገሥ አቃታቸው።