የተባረረው መርዶ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ወጥ ቤቴ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ልጄ ሀያት ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ከትሪው አጠገብ አስቀመጠችው። ሀያት አፐር አርሊንግተን በሚባል የከተማችን ዳርቻ ነው የምትኖረው። ነርስ ናት፤ ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ሁለቱን ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ሥራ ስትገባ የምጠብቅላት እኔ ነኝ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ መመለሷ ነበር።

«እማ፣ እስቲ እዪልኝ። የቱ ይሻላል?» አለችኝ።

በቀደም የልብስ ማጠቢያ ስትገዛም እንዲሁ አስመርጣኝ ነበርና መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልኩ። እስክሪኑ ላይ እንደ ጫማ ተደርድረው የሚታዩት ጠመንጃዎች ነበሩ።

«ለምንሽ ነው?»

«ፎር ዘ ሃውስ። የጎረቤቴን ጋራዥ ሰብረው ገቡ እኮ። ይሄ ፓምፕ ሾትጋን ነው፤ ለቤት አሪፍ ነው ይላሉ። ይሄኛው ደግሞ ሲተኮስ ትከሻ ብዙ አይመታም፣ ሪኮይሉ ትንሽ ነው።»

«ቆይ፣ ምስሩን ልጨርስ» አልኳት።

«ኦፒኒየን የለሽም? አንቺ?» ብላ ሳቀች።

ነበረኝ እንጂ። እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ፣ እሷ ሳትወለድ፣ እኔና አባቷ እንደዚህ ያለውን መሣሪያ መርጠን ገዝተናል። ማንንም አልገደለም፤ አንዲት ጥይት አልተተኮሰበትም። እኔ ግን የአባቴን ለቅሶ የተቀማሁት በእሱ ነው። ይህን ለሀያት ነግሬያት አላውቅም፤ አባቷን ሰይድን ትወደው ነበር። አሁን ደግሞ ሞቷል፣ በሙት ላይ አፍ አይከፈትም ይሉኛል። እሱ በቁሙ በእኔ ላይ የከፈተውስ አፍ?

ከደሴ መጥቼ የመጀመሪያውን በረዶ ያየሁበት ዓመት ነበር። ገና ልጅ ነኝ፤ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር አንድ ያረጀ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ወለሉ ሲረግጡት የሚያቃስት፣ ከፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳና ደረጃ ያለው። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ የጓሮ በሩ ተሰብሯል። ቲቪያችንን፣ የሰይድን የቆዳ ጃኬት፣ ለሰርጌ እናቴ ያሰረችልኝን የብር ድሪ ወስደዋል። እኔ ለድሪው አለቀስኩ። ሰይድ ግን በሩን ደጋግሞ ይዘጋል፣ ይከፍታል። የተደፈረው በሩ ሳይሆን እሱ ራሱ ይመስል ነበር።

መካሪ አላጣም። ሙስጠፋ የሚባል ጓደኛ ነበረው፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ አብሮት የሚሠራ። ከእኛ ቀድሞ የመጣ ስለሆነ አሜሪካን የፈጠራት እሱ ይመስለው ነበር።

«ወንድ ልጅ ቤቱን የሚጠብቀው በቁልፍ ነው?» አለው እኔ ባለሁበት። «ሾትጋን ግዛ። ፓምፑን፣ እየሳቡ የሚያቀባብሉትን። እዚህ አገር ሾትጋን የሌለው ቤት፣ ቤት አይባልም።»

ቅዳሜ ዕለት በሙስጠፋ መኪና ከከተማ ወጣን። መንገዱ ግራና ቀኙ የበቆሎ ማሳ ነው፤ ሰብሉ ተነስቶ ቆረቆንዳው ብቻ ቀርቷል፣ አመዳይ ወርዶበት ያብለጨልጫል። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ ወንዶቹ ከፊት ሆነው ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ እሰማለሁ። ሁለቱም በሕይወታቸው ተኩሰው አያውቁም። ሰይድ የአዲስ አበባ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሙስጠፋም ከሱቅ ወደ ሱቅ ያደገ። የእኔ አባት ግን ምንሽር ነበረው። ከጁምዓ ሲመለስ ፈታትቶ ዘይት ያስነካዋል፣ ጨርቁን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ወንድ ልጅ ስላልነበረው መተኮሱንም ያስተማረው እኔን ነው። ይህን ሰይድ ያውቃል። መኪናው ውስጥ ግን የጠየቀኝ የለም።

የመሣሪያ ሱቁ ሻጭ ዘንጋዳ የሚያክል አዛውንት ነበር፣ ጢሙ ነጭ። ቤታችን ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ግድግዳው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያም ባልየው ሥራ ሲሄድ ቤት የሚቀረው ማን እንደሆነ ጠየቀና ወደ እኔ ዞረ። ክርኔን አጥፌ እንድይዝ አደረገኝ፤ ሰደፉን በክንዴ ጎን አስደግፎ ጣቴ ምላጩ ጋ መድረስ አለመድረሱን አየ። ትልቁ አልደረሰልኝም። ቀጥሎ ያመጣው ሰደፉ አጠር ያለ፣ አፈሙዙም ጠበብ ያለ ነበር። ትከሻዬ ላይ አስደግፌ አባቴ እንዳሳየኝ ጉንጬን ሳሳርፍ፣ ሰውየው እጁን አጨብጭቦ አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?» አለ ሰይድ።

«ለሴት ይሆናል አለ» አለ ሙስጠፋ። ያን ያህል እንግሊዝኛ እኔም እሰማ ነበር፤ ሰውየው ያለው «ይቺ ልጅ ታውቅበታለች» ነው።

«እንግዲህ ይሄን ብንወስድስ?» አልኩ። «ቤት የምቀረው እኔ ነኝ።»

ሰይድ ሳይመልስልኝ ሙስጠፋ ትልቁን አንስቶ አቀባበለው። ቸክ-ቻክ! የዚያ ብረት ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ ዕቃ የሚያዩ ሰዎች ሁሉ ዞሩ።

«ሰማኸው?» አለ ሙስጠፋ። «ይሄን ሰምቶ የሚቆም ሌባ የለም። መተኮስም አያስፈልግህ፤ ድምፁ ብቻ ይበቃል።»

ሰይድ ተቀብሎ እሱም አቀባበለ። እንደገና አቀባበለ። ፊቱ ሲፈካ አየሁት፤ ምርጫው እዚያ ላይ አለቀ።

«እኔስ?» አልኩ።

«አንቺማ እህቴ፣ ባኞ ቤት ነው የምትገቢው!» አለ ሙስጠፋ እየሳቀ። «የድሮ ቤት ገንዳ ብረት ነው፣ ጥይት አያልፈውም። ገብተሽ መተኛት ነው።»

ሰይድም ሳቀ። እንዲህ ሆኖ፣ መተኮስ የምችለው እኔ ገንዳ ውስጥ እንድተኛ፣ የማይችለው እሱ በር ላይ እንዲቆም ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ እራት በላን ማለት ሰይድ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ባዶውን መሣሪያ ያቀባብላል። መስታወት ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ይፎክራል። «ቲቪያችን በመሰረቁ እግዜር ይስጣቸው፣ ቢኖርማ ከዚህም የባሰ ትማር ነበር» ስለው ይስቅልኛል። ያኔ እንቀላለድ ነበር።

አንድ እሑድ፣ ለሱብሂ፣ ለንጋት ሶላት፣ ልነሳ ስል፣ በረንዳው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም። አያንኳኩም፣ አይጣሩም። ሹክሹክታ አለ፣ የታፈነ ሳል አለ፣ ደግሞ ዝም ይላሉ። ሰይድ ከአልጋው ዘሎ ወረደ።

«ባኞ ግቢ!»

ገባሁ። በሌሊት ልብሴ፣ በዚያ ብርድ፣ ብረቱ ላይ ተጋደምኩ። ፋቲሃ እየቀራሁ ሳለ ያ ድምፅ መጣ፤ ቸክ-ቻክ! ወዲያው ሰይድ ጮኸ፤ «አይ ሃቭ ኤ ገን! አይ ዊል ሹት!» ከውጭ ግርግር ሆነ። አንድ ሰው በደረጃው ተንሸራቶ ሲወድቅ፣ ሲያቃስት፣ ሌሎች ሲሮጡ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሰይድ መጥቶ ከገንዳው አወጣኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፣ በሰርጋችንም ቢሆን። «ሄዱ! ድምፁ ብቻ በቃቸው!» ይላል። እንቁላል በቃሪያ ጠበስኩለት፣ ሻይ አፈላሁ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አልኩት። ይህን በአፌ ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጡት ሌቦች አልነበሩም። አባቴ ደሴ ሞቶ፣ ወሬው የአገራችን ሰው ለሆኑት ለጋሼ እንድሪስ በስልክ ደርሷቸው ነበር። በእኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ሽማግሌ ይሰበሰብና ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከሌላ ሳይሰማ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ያረዳዋል። እንግዳ ሲመጣ ገና ከሩቅ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። መርዶ ነጋሪ ግን አይጣራም። በር ላይ ቆሞ፣ ማን ይግባ ማን ይናገር እያለ ይንሾካሾካል። ልክ እንደ ሌባ ነው የሚመጣው። ለሰይድ አስቀድመው ሊነግሩት ፈልገውት ነበር፤ ድርብ ሺፍት ገብቶ አላገኙትም። ስለዚህ ጋሼ እንድሪስ፣ ባለቤታቸው እትዬ ረውዳና ሌሎች ትልልቅ ሰዎች በረዶውን ረግጠው መጡ፤ ከበሩ ማዶ ጠመንጃ ተቀባበለባቸው። በደረጃው የወደቁት እትዬ ረውዳ ናቸው። እጃቸው ተሰበረ።

ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ሰይድ ግን የዚያኑ ዕለት፣ መስጊድ ለዙህር፣ ለቀትር ሶላት፣ ሲሄድ አወቀ። ጋሼ እንድሪስ ነገሩት። «ነገ እንመለሳለን፤ አንተ ብቻ መሣሪያህን አስቀምጥልን» አሉት አሉ። እሱ «አይ፣ እኔው አረዳታለሁ» አለ። እኔን ማርዳት ደግሞ በዚያ ጠዋት ማንን እንዳባረረ መንገር ነበር። አልነገረኝም። ሰዎቹ ሲጠይቁት ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ «ነግሬያታለሁ። ሰው አላይም፣ ለቅሶም አልቀመጥ ብላለች።»

የደሴው ቤታችን ስልክ አልነበረውምና፣ እኔ ረመዳንን ሙሉ በየዱዓዬ ለአባቴ ጤና ስለምን ከረምኩ። ቤታችን ሰው መምጣት አቆመ፤ መስጊድ የማገኛቸው ሴቶች በጣታቸው ጫፍ ሰላም ይሉኛል። አዲስ መጤ ስለሆንኩ ነው ብዬ ተውኩት።

ኢድ ሲደርስ በረዶው ቀልጦ የመንገዱ ዛፎች ነጭ አበባ አውጥተው ነበር። ሂና ሞቅኩ። አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሳምቡሳ ጠብሼ፣ ኢዱ ወደሚከበርበት አዳራሽ ሄድን። አንዷ ስለ አለቃዋ ስታወራ ከት ብዬ ሳቅሁ። ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ረውዳ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እጃቸው ከተጠገነ በኋላም እንደጎበጠ ነበር።

«ከድጃ፣ ሐዘን የልብ ነው፣ አውቃለሁ» አሉኝ ዝቅ ብለው። «ግን ልጄ፣ ለሰው ዓይን እንኳ ትንሽ አይባልም? አባት እኮ ነው።»

«የማን አባት?»

አዩኝ። ከእኔ ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው። «ያ አላህ! አልነገረሽም?» አሉና የሳምቡሳውን ሳህን ከእጄ ወሰዱ።

መርዶዬን እንዲህ ሰማሁ፤ በኢድ ቀን፣ ፊኛ የሚያፈነዱ ሕፃናት መሀል፣ ለመንገር መጥተው በእኛ በር ከተሰበሩት ሴት አፍ። ጮኼ ማልቀስ አልቻልኩም፤ የሰው ኢድ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እጄን በሳሙና ፈተግሁ፣ ፈተግሁ። ሂና አይለቅም። የአባቴን ሐዘን በሙሽራ እጅ ተቀመጥኩ።

«እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው» አለ ሰይድ ማታውን። ሌላ ነገር ተናግሮ አያውቅም። አንዳንዶች ለወጉ ለስላሳ መጠጥ ይዘው ብቅ አሉ፤ ጥቂት ተቀመጡ፣ ሄዱ። የከረመ ለቅሶ ማን ያለቅሳል? እውነቱን እትዬ ረውዳ ለየቤቱ ነግረዋል፤ ጀነት ይውረሱ። ግን «አባቷ ሞቶ ሂና የሞቀች» የሚለው ስም ቀድሞ ወጥቷልና አልተመለሰም። እስከ ዛሬ እንዲያ የምትለኝ አንዲት ሴት አለች። ይህን ካነበበች እሷን ማለቴ እንደሆነ ታውቃለች። ሙስጠፋ ደግሞ የዚያን ጠዋት ነገር በየሰርጉ ለማሳቂያ ያወራዋል። «ሽማግሌዎቹ ሲሮጡ ብታዩ!» ይላል። በእሱ ወሬ ውስጥ እኔም አባቴም የለንም።

ከሰይድ ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ልጅ ወልጄለታለሁ። ሲሞት እንደ ወጉ አልቅሼለታለሁ። ለአባቴ የቀረው እንባ ይሁን አይሁን ለእኔ ይቆየኝ።

«እማ? አር ዩ ኦኬይ?» አለችኝ ሀያት። ምስሩን ጨርሼ ባዶ ትሪ እዳስስ ነበር።

«ሀያት፣ ቤትሽ ማን ይመጣል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳታስቢው፣ ማልዶ፣ በርሽ ላይ የሚቆም ሰው።»

«ኖ ዋን። ዕቃ የሚያደርስ ዴሊቨሪ ብቻ። ሰው ሳይደውል እንዴት ይመጣል?» ይህን ስትል ቅር ያላት አትመስልም።

ጋሼ እንድሪስም እትዬ ረውዳም አፈር ከለበሱ ቆይተዋል። የእኔ ቀን ሲደርስ ሀያት በስልክ ትሰማለች፤ ምናልባት ሥራ ላይ፣ ምናልባት መኪናዋ ውስጥ፣ ብቻዋን። በረዶ ረግጦ፣ በሯ ላይ ተሰብስቦ፣ እንዴት እንንገራት ብሎ የሚንሾካሾክላት ሰው አይኖርም። ለእኔ እንኳ ተባረሩብኝ እንጂ መጥተውልኝ ነበር።

«የቱ ይሻላል ታዲያ?» አለችኝ።

«የወደድሽውን ግዢ» አልኳት። «የምታባርሪው ሰው የለሽም።»