የሴናተሩ መሰላል

ዛሬም የማርከር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር ያለው ሳሎናችን ትዝ ይለኛል፤ አብሮትም የአባቴ ሴናተር ይመጣና ከንፈሬ ይጣመማል።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ፣ የመቀሌ ልጅ የሆነችውን እናታችንን አግብቶ በዚያው የቀረ የታሪክ መምህር ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጥና፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ ስለ አንድ የጥንት ሮማ ሴናተር ያነብልን ነበር። ሰውዬው መጀመሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ፣ ቀጥሎ ዳኛ፣ ከዚያ ቆንስል የሚባለውን ትልቁን ሹመት ያዘ፣ በመጨረሻም ሩቅ አገር ተልኮ፣ ሕዝቡን ገፎ፣ ወፍሮ ተመለሰ። ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ጋብቻ ነበር፤ ሚስቱን ፈትቶ የትልቅ ሰው ልጅ አገባ፣ አንዷን ልጁን ለዳኛ፣ ሌላዋን ለጦር አዛዥ ሰጠ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ስማቸው አንድ ስለነበር፣ «ታላቂቱ»ና «ታናሺቱ» እየተባሉ ነበር የሚለዩት። ስም ማውጣት የሰለቸው ደላላ መሆኑ በዐሥር ዓመቴ እንኳ ገብቶኝ ነበር፤ አባቴ ግን መጽሐፉን በመዳፉ እየመታ «ሰው ማለት ይሄ ነው!» ይል ነበር።

በዚያው ክረምት የሴናተሩን የሹመት መሰላል በትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር ሣለና፣ በዱቄት ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። አጠገቡም የኛን ሣለ። ራሱን ከመምህርነት ወደ ርዕሰ መምህርነት፣ ከዚያም ወደላይ አወጣው፤ ገና አልጋ የሚያረጥበውን ታናሽ ወንድሜን «የወደፊት ዳኛ» አለው፤ እኅቴን ለታይን «ታላቂቱ»፣ እኔን «ታናሺቱ» ብሎ ጻፈን። እናቴ የትም አልነበረችም።

መስከረም ሲጠባ ለታይ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን እየጠበቀች፣ ዩኒቨርሲቲ ስለመግባት ብቻ ታወራ ነበር። አባቴ ደግሞ ርዕሰ መምህር ሊያስደርገው የሚችል አንድ ሹም፣ ለጋብቻ የደረሰ ወንድ ልጅ እንዳለው አጣርቶ ነበር። ሴናተሩ ልጁን የሰጠው ራሱ ጠይቆ ነው ብሎ፣ ሽማግሌ ሊልክ ተነሣ።

«ዋይ አነ!» አለች እናቴ፤ «የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ይቀበላል እንጂ ይልካል እንዴ? በጃኻ፣ እባክህ አታዋርደን!»

አልሰማትም፤ ለታይንም አልጠየቃትም። እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ የሹሙ በር ላይ ቆመው «ልጅ ፍለጋ መጣን» አሉ። ሹሙ ግራ ገብቶት «ልጄ እኮ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት!» አለ፤ ሴት ልጁን ሊለምኑ የመጡ መስሎት ነበር። ሽማግሌዎቹ ላብ እያጠመቃቸው፣ የለም፣ እኛው ልንሰጥ ነው የመጣነው ብለው ማስረዳት ነበረባቸው። ሹሙ እስኪያስለው ሳቀ፤ ወሬው በማግሥቱ ሮማናት አደባባይ ካፌዎች ደርሶ ነበር።

ለታይ ሁለት ቀን አለቀሰች። «እንደማይሸጥ ዕቃ በር ለበር አዞረኝ» ትል ነበር። እኔም አባቴን ናቅሁት፤ ቤት ሲገባ ተነሥቼ እወጣ ነበር። ርዕሰ መምህርነቱ የውሃ ሽታ ሆነ። ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ ሲመጣ ለታይ «እሄዳለሁ» አለችው፤ እሱም ዐይኗን ማየት ስላቃተው መሬት መሬት እያየ «ሂጂ» አላት።

አሁን ለታይ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ መሐንዲስ ናት። እናታችን ዐርፋለች። ባለፈው ክረምት አባቴን ልጠይቅ ብሄድ፣ መሰላሉ ቢጫ ሆኖ እዚያው ተለጥፎ፣ እሱም ለእንግዶቹ «ታላቂቱን እዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ» እያለ ሲጎርር ደረስኩ። ደሜ ፈላ። እንግዶቹ እንደወጡ ማርከር አንሥቼ «ታላቂቱ» የሚለውን ሰርዤ «ለታይ» ብዬ ጻፍኩ፤ ላይ ቦታ ስላልነበረም፣ መሰላሉ ከቆመበት ሥር «ምሕረት» ብዬ የእናቴን ስም አኖርኩ።

አባቴ መነጽሩን በዳበሳ ፈልጎ አደረገና፣ ጣቱን እያስኬደ ረጅም ጊዜ አነበበ።

«የአንቺስ ስም?» አለኝ፣ ጣቱን «ታናሺቱ» የሚለው ላይ አቁሞ።

ያኔ የምንቀው ሰው ድምፁ ከዝናብ ይበልጥ ነበር። አሁን መነጽሩን የሚዳብስ ሽማግሌ ነው፤ እሱን መናቁም እንደድሮው አይጣፍጠኝም።