ክላክስ የሌላት ቀይ ሞተር

ባሌ እንደሻው ሥራው ላም ማዳቀል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብዬ አልፋለሁ፤ የአሰላ ሰው ግን መች ይለቃል፣ «ዶክተር ኮርማ» የሚል ስም ካወጣለት ሰባት ዓመት ሆነው። በናይትሮጅን የቀዘቀዘ የኮርማ ዘር በትንሽ ዕቃ ይዞ፣ ከአሰላ ወደ ዲክሲስ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ቀበሌዎች ያዳርሳል። ላም ኮርማ ፈለገች ከተባለ ጊዜው አጭር ነው። ጧት የታየባት እስከ ማታ ካልተደረሰላት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ይህን በቀላሉ ይቅር የሚል ሰው አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሞተር ተበላሽቶ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በጋሪም በእግሩም እየሄደ ስንቷ ላም አመለጠችው። ማታ ማታ ራት ላይ ተቀምጦ የገበሬ ወቀሳ በስልክ ሲቀበል እየሰማሁ፣ እንጀራው አፌ ውስጥ ይደርቅብኝ ነበር።

ስለዚህ ሞተር እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ጥፋቱን እሱ ላይ ብቻ እንዳልጥል ነው።

እኔ ደጃፌ ላይ በስፌት መኪና ልብስ እሰፋለሁ። ዕቁቤ ሲወጣልኝ እሱ ካጠራቀመው ጋር አንድ ላይ አደረግነውና አንድ ደላላ ይዞት ወደ ሮቤ ሄደ። እዚያ አንድ ወጣት የሚሸጣት ቀይ ሞተር አለች ተባለ። እሷን የመሰለች አሮጌ ሞተር አሰላ ውስጥ ከሰማንያ ሺህ በታች አትገኝም፤ ልጁ ግን ስልሳ ሁለት ሺህ ብር አለ። እኔ በስልክ ስሰማ ደስ ከማለት ይልቅ ጠረጠርኩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። «ሰርቆ እንዳይሆን ወረቀቷን እይ» አልኩት። እሱም አየ። ሊብሬውን ከሻንሲው ቁጥር ጋር በባትሪ እያበራ አንድ በአንድ አመሳከረ፣ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ ጎማውን ረገጠ። ሁሉም ልክ መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሊብሬውን ኪሱ ከትቶ ሞተሯን ነድቶ መጣ።

ከብት ገበያ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገዛም ነበር። ከብት ገበያ ገዢ ከዋጋው በፊት «አመሏ ምንድነው? ለምን ትሸጣታለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አመሏን ደብቆ የሸጠ ሰው ሽማግሌ ፊት ያፍራል። እንደሻው ራሱ ጓንቱን ሳያጠልቅ ላሟ መቼ እንደወለደች፣ ስንት እንደወለደች፣ ምን ታማ እንደነበር ካልሰማ አይነካትም። ስለ ሞተሯ ግን ምንም አልጠየቀም። ብረት ምን ታሪክ አለው ብሎ ይሆናል። ልጁ ቀና ብሎ አላየውም፣ ብሩንም ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። እንደሻው ይህን የነገረኝ የልጁን ጨዋነት ሊያወራልኝ ነበር።

ሞተሯ አሰላ ስትገባ ሕመምተኛ መሆኗ ታወቀ። መካኒኩ ሚፍታ መሬት ቁጭ ብሎ ዙሪያዋን አየና ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልን፤ የፍሬን ሸራዋ አልቋል፣ ካቴናዋ ላልቷል፣ የኋላ ጎማዋ መላጣ ሆኗል፣ ክላክሷ አይጮህም፣ የመቀመጫዋ ሽቦ ወጥቷል፣ የቤንዚን ታንኳም በግራ በኩል ጎድጉዷል። ሁሉንም በአንዴ ማሠራት አንችልም ነበር። በመጀመሪያው ወር ፍሬን፣ በሁለተኛው ካቴናና ያገለገለ ጎማ አደረግን። የታንኩን ጉድጓድ ሚፍታ ቀጥቅጦ ላውጣው ሲል፣ ጉድጓድ አያቆማትም ብለን ተውነው። በሦስተኛው ወር ከአራት መቶ ብር የማይበልጥ ተረፈን፤ ወይ ክላክስ፣ ወይ መቀመጫ።

ሚፍታ ክላክስ ይቅደም አለ። እንደሻውም እንደሱ አሰበ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የመቀመጫው ሽቦ ሁለት ሱሪ ቀዶበታል፣ ሱሪ የምጥፈው ደግሞ እኔ ነኝ፤ በዚያ ላይ ልብስ ሰፊ ሚስት ያለችው ሰው የተቦጨቀ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ደንበኞቼ ምን ይላሉ።

«ገጠር ውስጥ ክላክስ ለማን ልትነፋ ነው፣ ለገብሱ ነው?» አልኩት።

ሁለቱም ሳቁ። ቀይ የመቀመጫ ላስቲክ በአራት መቶ ብር ገዛሁና በነጭ ክር ጠርዙን አስጊጬ ሰፋሁት። እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት። መንገድ ላይ ሲያልፍ ከሰውየው ይልቅ መቀመጫውን አይ ነበር።

ሌላው ጭንቀታችን ቤንዚን ነበር። ማደያው ሲኖረው ሰልፉ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሳይኖረው ደግሞ በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን በእጥፍ መግዛት ነው። እንደሻው ከሌሎች ባለሞተሮች አንድ ዘዴ ተማረ። ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ ቁልፉን ያጠፋሉ፣ ማርሹን ነፃ ያደርጋሉ፣ ሞተሯ በራሷ ትንከባለላለች። ቡርቃ የምትባል ቀበሌ ከረጅም ቁልቁለት ሥር ናት፤ እዚያ ብቻ ሁለት ኪሎ ሜትር በነፃ ይወርዳል። እየሳቀ ያወራልኝ ነበር፤ የሞተር ድምፅ የለ፣ ነፋስ ብቻ። የቡርቃ ሰውም አክባሪ ነው ይለኝ ነበር። «እኔ ስወርድ ወሬያቸውን አቁመው፣ መንገድ ለቀው ይቆማሉ።» እኔም ባሌ ተከበረ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዲጃ የቡርቃ ሴት ናት፤ የኢድ ቀሚሷን ሁልጊዜ እኔ ጋ ታሰፋለች። ባለፈው ጨርቋን ይዛ መጣች፤ ልለካት ሜትሬን አንስቼ ስዞር ዓይኗ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው ሞተር ላይ ነበር። የማን ናት አለችኝ። የእኛ ናት አልኳት። ከየት ገዛችኋት አለች። ከሮቤ አልኳት። ጨርቋን ጭኗ ላይ አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ መለካቱንም ተወችው።

ከዚያ ነገረችኝ። የዛሬ ዓመት ግድም የሮቤ ልጅ በዚህች ሞተር ወደ አሰላ ሲመጣ የቡርቃን ቁልቁለት ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሩዋይዳ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ከሱቅ ስኳር ይዛ መንገድ ስትሻገር አልሰማችውም። ክላክሱ አይሠራም። በአፉ ጮኸ፤ ነፋሱ ድምፁን ወሰደው። በታንኩ ግራ ነው የመታት፤ ልጅቷ አልተረፈችም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጉማ ተቆረጠ፣ የልጁ ቤተሰብ የደሙን ካሳ ከፈለ፣ ሁለቱ ወገን ታረቀ። ሞተሯ የተሸጠችው ለዚያ ካሳ ነው፤ ታሪኳን ለሚያውቅ ሰው ልትሸጥ ስለማትችል ለማይጠይቅ ሰው ተሸጠች።

«ጉማው አልቋል» አለች ከዲጃ። «ግን ጉማው ለሰው ነው። ለሞተሯ ምን እንደሚባል የሚያውቅ የለም። ባልሽ እንደዚያው አጥፍቶ ሲወርድ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይይዛሉ።»

እንደሻው ማታ ሲገባ በር ላይ ነገርኩት። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ቆመ። መልሰን እንሽጣት አልኩት፤ ምን ብለን አለኝ። ታሪኳን ብንነግር ማንም አይገዛትም፣ ባንነግር የሮቤውን ልጅ ሆንን። ቀለም እንቀይርላት አልኩ። «ላምን ቀለም ቢቀቧት አመሏ ይለወጣል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አራት ቀን በእግሩ ሥራ ሄደ። እኔ ደግሞ ስፌት ላይ ተቀምጬ መርፌው ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋኝ፤ የማስበው መቀመጫውን ብቻ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጧት ስልኩ ጮኸ። በኦሮምኛ ነበር ያወሩት፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁና ገና ሳይዘጋ ገባኝ። የደወለችው ፈይሩዛ ናት፣ የሩዋይዳ እናት። ላሟ ጧት ኮርማ ፈልጋለች፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አምልጣታለች፣ ዛሬም ካመለጠቻት ትሸጣታለች። ና አለችው። ስለ ሞተሯ አንድ ቃል አላነሳችም።

የፈራሁትን ሁሉ አወራሁበት። ሰዎች ሰብስባ ትጠብቅህ ይሆናል፤ ዘር አልቆብኛል በላት፤ አሞኛል በላት። እኔ ውሸት የማልወድ ሰው ነኝ፣ ያን ቀን ግን ቢዋሽልኝ እግሩን እስም ነበር። በእግሩ ቢሄድ ቡርቃ ሦስት ሰዓት ነው፤ የዚያን ዕለት ሚኒባስም አልነበረም። እንደሻው ሰምቶኝ ሲያበቃ «በዚህች ሞተር ስንት ቀን እዚያ አልፌያለሁ» አለ። «ሴትዮዋ ደጃፏ ቆማ እያየችኝ አልፌያለሁ። አሁን ስትጠራኝ ልቅር?»

ከዚያ ሞተሯን እየገፋ ሚፍታ ጋ ወሰዳት። ተከትዬው ሄድኩ። ሚፍታ ከተጣለ ባጃጅ የተፈታ ክላክስ ነበረው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር። ለልብስ ማሰፊያ የተሰጠኝን ቀብድ አውጥቼ ከፈልኩ። ሥራው አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ወር ሙሉ ያልሆነው ነገር ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ባለው ጊዜ አለቀ።

እኔም እሄዳለሁ አልኩ። ሊከለክለኝ ፈልጎ ፊቴን አየና ተወ። የናይትሮጅኑን ዕቃ በመሀላችን አድርጌ እጄን ወገቡ ላይ ጠቅልዬ ራሴ በሰፋሁት መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ።  ገብሱ ሊታጨድ ደርሶ ነበር፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ እኔ ግን ጀርባዬን ላብ ላብ ይለኝ ነበር። የቡርቃ ቁልቁለት አናት ላይ ስንደርስ እጁ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ። እሳት እንደነካው መለሰውና ሞተሯን አቆማት።

«አጥፍቼ ነበር እኮ» አለ።

በአንደኛ ማርሽ ወረድን። ሞተሯ እየጮኸች፣ እሱ ክላክሱን ከላይ እስከ ታች ሳያቋርጥ እየነፋ። የባጃጅ ክላክስ ስለሆነ ድምፁ ሰርግ አጃቢ ይመስል ነበር፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ሰርግ ይዘን የመጣን መስሎኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ማንም አልጮኸብንም፣ ማንም ሰላም አላለንም።

ፈይሩዛ አጥሯ ሥር ቆማ ነበር። ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ ቀጭን ሴት ናት። የሰበሰበችው ሰው አልነበረም፤ ላሟን አስራ፣ ብቻዋን። ሰላም ተባባልን። እንደሻው ጓንቱን አጥልቆ እንደ ሁልጊዜው ጠየቃት፤ መቼ ወለደች፣ ስንት ወለደች፣ ታማ ታውቃለች ወይ። ሁሉንም መለሰችለት። ሥራው እስኪያልቅ እኔ ሞተሯ አጠገብ ዓይኔን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ሲጨርስ ሞቅ ያለ ውኃና ሳሙና አምጥታ ራሷ አስታጠበችው። አለፈልን ብዬ ልቤ መለስ አለ።

ጀበና የሚያህለውን የውኃ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ወደ ሞተሯ መጣች። ታንኩን አላየችም። መቀመጫው ላይ እጇን አሳረፈች፣ ነጩን ክር በጣቷ ተከተለችው። ለእኔ ብላ በአማርኛ ተናገረች።

«ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ እህቴ» አልኳት።

«ጥሩ ስፌት ነው።» ወደ እንደሻው ዞረች። «ዛሬ ሰማሁህ። ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ከላይ ጀምሮ ሰማሁህ። ክላክሱ አዲስ ነው?»

«ዛሬ ጧት ነው ያስገባሁት» አላት።

«ስንት ነው?»

ሞተሯን መስሎት «ስልሳ ሁለት...» ብሎ ሲጀምር ራሷን ነቀነቀች። «ክላክሱን ነው።»

«ሦስት መቶ ሃምሳ ብር።»

ፈይሩዛ ዋጋውን በራሷ ቋንቋ ቀስ ብላ ደገመችው፤ አንዴ፣ ከዚያ ሌላ ጊዜ፣ ልክ እንዳትረሳው ለራሷ እንደምትነግር። ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ገባችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

የመቀመጫውን ዋጋ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ፣ አራት መቶ ብር ነው እላት ነበር።